የኑራ ፍሪጅና የግቢያችን ቆጣሪ

የሰኔ የመብራት ሂሳብ የደረሰን ሐምሌ ውስጥ፣ የዒድ ሰሞን ነበር። ሂሳብ ሰብሳቢው ወረቀቱን በእጄ ሲያኖርልኝ የሌላ ግቢ ነው ብዬ መለስኩለት።

«የእናንተው ነው» አለኝ፤ ላቡን በመሐረብ እየጠረገ። «ቆጣሪውን ያነበብኩት እኔው ነኝ። ካላመንክ ሄደህ እየው፤ እኔ እዚህ ጥላው ሥር እጠብቅሃለሁ።»

ሄጄ አየሁት። ልክ ነበር። ባለፈው ወር ከከፈልነው ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ቆጣሪው ሥር ቆሜ ስመለከት፣ ማንም መብራት ባላበራበት በዚያ ጠራራ ፀሐይ፣ መስታወቱ ውስጥ ያለችው ክብ ብረት ትሽከረከራለች።

ዘመኑ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ አምስት ነው። ኮሌጅ ጨርሼ በጂኦግራፊ መምህርነት አዋሽ ሰባት ከተመደብኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር፤ ክረምቱንም በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ምክንያት ከዚያው አልወጣሁም። የምኖረው ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ ቀበሌው በሚያከራየው ባለ አምስት ቤት ግቢ ውስጥ ነው። አምስቱ ቤት አንድ ቆጣሪ አለው። ሂሳቡን የምንካፈለው በአምፖል ነበር፤ አንድ አምፖል ያለው አንድ እጅ፣ ሁለት ያለው ሁለት እጅ ይከፍላል። ወረቀቱን የምቀበለውና ገንዘቡን የምሰበስበው እኔ ነኝ፤ «መምህር ማካፈል አያቅተውም» ተብዬ።

ከአምፖል ሌላ በግቢው ውስጥ መብራት የሚበላ አንድ ዕቃ ብቻ ነበር። እሱም የኑራ ፍሪጅ ነው።

ኑራ የባቲ ሰው ናት። ባሏ ሲሞት ወደ አዋሽ ወርዳ፣ ባቡር በመጣ ቁጥር ለተሳፋሪው ቀዝቃዛ የሎሚ ውሃ እየሸጠች ትኖራለች። ፍሪጁን ከድሬዳዋ ያስመጣች ጊዜ ግቢው ተሰብስቦ ተመካከረና እንደ አራት አምፖል ይቆጠር ተባለ። ለምን አራት እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ሦስት ያለም አምስት ያለም ስለነበረ በመሐል ተስማማን። እሷም አንድ ወር ሳታጓድል የአራት አምፖሉንና የራሷን የአንዷን አምፖል ከፍላለች።

የዚያን ዕለት አመሻሽ ላይ ግቢው መሐል ካለችው ኒም ዛፍ ሥር ተሰበሰብን። ወንበሩ ላይ የተቀመጡት ጋሽ ሀብተ ሥላሴ ናቸው። ከባቡር ጣቢያ ግምጃ ቤት ጡረታ የወጡ፣ ለግቢው እንደ አባት የሚታዩ፣ ድምፃቸውም እንደ አባት የሆነ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው እትዬ ሮማነወርቅ ከኋላቸው በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ልብስ ሰፊው ሱሩር የግድግዳ ጥላ ይዟል። የክሊኒኳ ድሬሰር ፅጌረዳ ከሥራ እንደወጣች ነጭ ካፖርቷን ሳታወልቅ መጥታለች። ኑራ በራፏ ላይ ቆማለች።

ወረቀቱን አነበብኩላቸው።

«ይሄ የሰው ሂሳብ አይደለም» አሉ ጋሽ ሀብተ ሥላሴ። «የፋብሪካ ነው።»

«እኔን አትዩኝ» አለ ሱሩር። «ካውያዬ የከሰል ነው፣ ማሽኔ የእግር ነው። አምፖሌ አንድ ናት፤ እሷንም ወላሂ ክር ካላስገባሁ አላበራትም።»

«ማን አየህ?» አለችው ፅጌረዳ።

«ዓይንሽ አየኝ።»

«የኔ ዓይን ያየው ሱሪዬን ነው። ካሳጠርክልኝ ጀምሮ አንዱ እግር ከሌላው ይበልጣል።»

ሳቅ ሆነ። ጋሽ ሀብተ ሥላሴ ግን አልሳቁም። ከዘራቸውን አንስተው ወደ ኑራ በራፍ ቀሰሩ።

«ዙሪያ ጥምጥም አንሂድ። በዚህ ግቢ ቀንም ሌሊትም የሚያጓራ አንድ ነገር ነው ያለው። እኔ ፍሪጅ የለኝም፤ ምን ያደርግልኛል? እንስራዬ አለ። ጠዋት ሞልቶ ጥላ ሥር ያኖሩት እንስራ፣ እኩለ ቀን ላይ ውሃው ጥርስ ይነቅላል። ሮማን፣ እውነት አይደለም?»

እትዬ ሮማነወርቅ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «እውነት ነው» አሉ።

ስለዚያ እንስራ ሁላችንም ደጋግመን ሰምተናል። ለሜይ ዴይ በዓል ቀበሌው የግቢ ጽዳት ውድድር ሲያደርግ፣ ጋሽ ሀብተ ሥላሴ ከጡረታ ጋር ይዘውት የወጡትን አረንጓዴ የፉርጎ ቀለም አውጥተው በየደጃፉ ያለውን የውሃ እንስራ ሁሉ ቀብተውልን ነበር። በዚያ ፀሐይ ጎንበስ ብለው፣ ከአፍ እስከ ቂጡ፣ አንድ ስንጥቅ ሳያስቀሩ፣ ሁለት ሁለት ጊዜ። አንደኛ ወጣን። ሊቀመንበሩ መጥቶ አጨበጨበልን። ከዚያ ወዲህ ለጋሽ ሀብተ ሥላሴ የግቢያችን እንስራ ማለት የሜዳልያ ያህል ነው።

«ጋሼ» አለች ኑራ፤ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ። «ፍሪጁ የኔ ነው፤ አልካድኩም። ያስገባሁት ግን ተደብቄ አይደለም። በአራት አምፖል ስንስማማ እርስዎም ነበሩ።»

«ነበርኩ። አራት አምፖል ግን ይሄን አይበላም! ወይ ለውጪ ሰው ታከራዪዋለሽ፣ ወይ ሌላ ነገር ታደርጊበታለሽ። እኔ አላውቅም። ለቀበሌ አመልክቻለሁ። እሁድ ቀትር ላይ ካሣ መሰላሉን ይዞ መጥቶ ወደ ክፍልሽ የሚገባውን ሽቦ ይቆርጣል።»

ካሣ የቀበሌ ቤቶች ጥገና ሠራተኛ ነው። ቁረጥ ሲባል ይቆርጣል፣ ቀጥል ሲባል ይቀጥላል፤ ለምን ብሎ አይጠይቅም።

«ክፉ ሰው አይደለሁም» አሉ ጋሽ ሀብተ ሥላሴ ቀጥለው። «ለብርሃን ፋኖስ አለ። እኛም ልጅ ሆነን በፋኖስ ነው ያደግነው።»

ኑራ በራፏን ተደገፈች። ነገሩ የብርሃን እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ፍሪጁ ከጠፋ የሎሚ ውሃው ይሞቃል፤ የሞቀ ሎሚ ውሃ ደግሞ ከባቡር መስኮት እጁን ዘርግቶ የሚገዛት የለም። የሚቀራት ገዋኔ ያለው የወንድሟ ሻይ ቤት ነው። እዚያ ደግሞ የወንድሟ ሚስት እንዴት እንደምትይዛት አንድ ጊዜ አጫውታኝ ነበር። «ብርጭቆ አጥባለሁ፤ አጥቤ ሳስቀምጥ መልሳ ታጥበዋለች» ነበር ያለችኝ።

«ጋሼ፣ እስከ እሁድ ጊዜ ይስጡኝ» አልኩ። «ምክንያቱን ሳናውቅ ሽቦ ብንቆርጥና የሚመጣው ወርም እንዲሁ ቢሆን፣ ያኔ የማንን እንቆርጣለን?»

ትንሽ አሰቡ። «አጣራ» አሉ። «መማር ለዚህ ካልሆነ ለምን ይሆናል? ካሣ ግን እሁድ ይመጣል።»

በማግስቱ ሁሉም አምፖሉን እንዲያጠፋ፣ ኑራም ፍሪጇን እንድትነቅል ለመንኳቸው። ቆጣሪው ጋ ሄድኩ። ክቧ ብረት ቀጥ ብላ ቆማለች። ብዙ ጠበቅሁ፤ አልተንቀሳቀሰችም። እንግዲያው ቆጣሪውም አልተበላሸም፣ መስመራችንንም የሚሰርቅ የለም ማለት ነው። ፍሪጁ ሲሰካ መዞር ጀመረች። በዚህ በኩል ጋሽ ሀብተ ሥላሴ እውነት አላቸው። የሚበላው ፍሪጁ ነው። ያልገባኝ ግን ለምን ዘንድሮ፣ ለምን አሁን፣ የሚለው ነው። ያው ፍሪጅ፣ ያው ቤት፣ ባለፈው ዓመት በአራት አምፖል አኗኑሮናል።

ኑራ ክፍል ገብቼ ፍሪጁ አጠገብ ተቀመጥኩ። ሲመጣ እንዴት እንደነበረ አስታውሳለሁ። ለጥቂት ጊዜ ያጓራና እንደሚቆም ፉርጎ ተንገጫግጮ ዝም ይላል። ሱሩር «ባቡሩ ጣቢያ ገባ» ይል ነበር። አሁን ግን እየጠበቅሁት ጣቢያ አይገባም። ያጓራል፣ ያጓራል፣ አሁንም ያጓራል።

«እትዬ ኑራ፣ ዝም የሚለው መቼ ነው?»

«ዝም ማለት ትቷል» አለች፤ ሎሚ እየቆረጠች።

«ከፍቼ ልየው?»

ቢላዋዋን አስቀመጠች። «መክፈቱን ክፈት። ያየኸውን ግን እዚሁ ትተህ ትወጣለህ።»

ከፈትኩት። የሎሚ ውሃዋ ከታች፣ አንዱ መደርደሪያ ላይ ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ጠርሙስ፣ የፕላስቲክ ኮዳ፣ ክዳኑ በጨርቅ የታሰረ ጣሳ፣ አንዱ በሌላው ላይ ተጋድሟል። ከኋላ አንዲት ትንሽ ጀሪካን ቆማለች። ከጀሪካኗ አጠገብ ሰማያዊ የብረት ማንቆርቆሪያ አለ። ከፊት ለፊት ደግሞ፣ በወረቀት ፕላስተር ስም የተለጠፈባት ጠርሙስ አለች። ስሙ የእኔ ነው።

የእኔ መኖሯንማ አውቃለሁ። ጠዋት ጠዋት ይዤ መጥቼ «እትዬ ኑራ፣ ይቺን አንዲት ጠርሙስ» የምላት እኔው ነኝ። አንዲት ጠርሙስ ለዚህ ለሚያህል ፍሪጅ ምኑ ናት እል ነበር።

ኑራ ፊቴን አይታ ሳቀች። «ሁሉም አንድ ብቻ ነው የሚያስቀምጠው» አለች።

«ሁሉም ማለት?»

«አየህ አይደል። አንዱ ሲያወጣ ሌላው ያስገባል። ከቧንቧ የቀዱትን፣ እጅ የሚያቃጥለውን ውሃ ነው እኮ የሚያስገቡት። ሳይቀዘቅዝ መጥተው ከፍተው ያዩታል፤ 'ገና ነው' ብለው ይዘጋሉ፤ ደግሞ መጥተው ይከፍታሉ። ረመዳን ላይማ ለማፍጠሪያ ብለው ከጎረቤት ግቢም መጡ። በሩ ተዘግቶ አያውቅም። ምን ያድርግ? እሱም እንደ ሰው ያለከልካል።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«የቀበሌው ውድድር ካለፈ ጊዜ ጀምሮ» አለችና በመስኮቱ ወደ ደጃፎቹ በአገጯ ጠቆመችኝ። አረንጓዴዎቹ እንስራዎች በየጥላቸው ተደርድረው ያበራሉ። «ውሃው ሞቀባቸዋ።»

ወጥቼ የራሴን እንስራ ዳሰስኩት። ደረቅና ለብ ያለ ነበር፤ እንደ ሳህን ያንሸራትታል። የድሮ እንስራዬ እንዲህ አልነበረም። ጎኑ ሁልጊዜ እርጥብ ነበር፤ ሥሩም አሸዋው ይረጥባል። ሸክላ ውሃ የሚያቀዘቅዘው እያላበው ነው፤ ላቡ ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። ይህን በየዓመቱ ለተማሪ በጥቁር ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ። ጋሽ ሀብተ ሥላሴ ዝናብና ፀሐይ እንዳያስገባ ተብሎ ለፉርጎ የተሠራ ቀለም ሁለት ጊዜ ለቅልቀውት እንስራው ላብ ከየት ያምጣ? እኔ ውሃዬ ሲሞቅ የሸክላው ጥፋት መስሎኝ የሸጠችልኝን ሴትዮ አምቼ ነበር።

ተመልሼ ገባሁ። «ሌሎቹ ይህን አውቀዋል?»

«ፅጌረዳ አውቃለች። ሱሩርም አውቋል። ማን ይንገራቸው? ሰውዬው በዚያ ፀሐይ ጎንበስ ብለው፣ በገዛ ቀለማቸው፣ ለእኛ ብለው ነው የቀቡት። 'አበላሹብን' ይባላል?»

«አንቺስ? ሽቦሽ ሊቆረጥ ነው። የሁሉም ዕቃ እዚህ እንዳለ ለምን አትናገሪም?»

ሎሚዋን ጨመቀች። «አባቴ ባቲ፣ ገበያ መውረጃው ላይ፣ ለመንገደኛ ውሃ ያኖር ነበር። ማን ጠጣ፣ ማን አልጠጣ ብሎ አይቶ አያውቅም። እኔ ውሃ ሰጥቼ ጉባኤ ላይ ልመስክር? ከአላህ የማገኘውን አጅር ልሸጠው?»

«እሺ፣ እኔ እናገራለሁ።»

«ስለ ራስህ ተናገር። ሌላውም ራሱ ይናገር። ስለ ማንቆርቆሪያዋ ግን አንተም አላየህም፣ እኔም አላየሁ።»

ያን ጊዜ ማንቆርቆሪያዋን ለየኋት። የእትዬ ሮማነወርቅ ናት።

ጋሽ ሀብተ ሥላሴ በዕድሜያቸው አንድም ቀን ከእንስራ ውሃ ቀድተው አያውቁም። «ሮማን፣ ውሃ» ይላሉ፤ ውሃው በኩባያ ይመጣላቸዋል። እትዬ ሮማነወርቅ ከሚያዝያ ጀምሮ ባላቸው እንዳያፍሩ ብለው የኑራን ቀዝቃዛ ውሃ እያመላለሱ ከእንስራው እንደተቀዳ አድርገው ያጠጧቸዋል። እሳቸውም ጠጥተው አመስግነው፣ እንስራቸውን አወድሰው፣ ፍሪጅ ይቆረጥ ብለው ያመለክታሉ።

ቀኑን ሙሉ አሰብኩበት። እውነቱን ብናገር አንዲት ደግ ሚስት በባሏ ፊት ትዋረዳለች። ዝም ብል ኑራ ገዋኔ ትወርዳለች። በመጨረሻ ለኑራ እንዲህ አልኳት። «እሁድ ጠዋት ማንቆርቆሪያዋን አውጥተሽ ሣጥን ውስጥ አስቀምጪያት፤ ለእትዬ ሮማንም ንገሪያቸው። የቀረነው ዕቃችንን በጋሽ ሀብተ ሥላሴ ፊት እናወጣለን፤ ጥፋቱ የሦስታችን ይሁን።» ኑራ ራሷን ነቀነቀች። «እንዲያ ከሆነ እሺ» አለች።

እሁድ ቀትር ሲቃረብ በኑራ ደጃፍ ተሰበሰብን። ሙቀቱ ቆርቆሮውን ያንጣጣዋል። ጋሽ ሀብተ ሥላሴ ወንበራቸውን ራሳቸው ተሸክመው መጡ።

«እህሳ መምህር፣ ምን አገኘህ?»

«የሚበላው ፍሪጁ ነው፤ እርስዎ እንዳሉት።»

«አላልኩም?»

«ብለዋል። ግን ከመቆረጡ በፊት ዕቃ ያለን ሰዎች እናውጣ። ባዶውን ይፈረድበት።» ገባሁና የራሴን ጠርሙስ ይዤ ወጥቼ እግሬ ሥር አስቀመጥኩ። «ይቺ የእኔ ናት። በየቀኑ አስቀምጣለሁ።»

ጋሽ ሀብተ ሥላሴ ቅንድባቸውን ሰቀሉ። ፅጌረዳ እየሳቀች ተነሣች። ሁለት ጠርሙስና አንድ ኮዳ አወጣች። «ኮዳው የክሊኒኩ ነው» አለች።

«ክሊኒኩም አሞታል?» አለ ሱሩር።

«አንተ ተነሥ እንጂ! የማን አፍ ነው የሚያወራው?»

ሱሩር ገብቶ ቆየ። ሲወጣ ጀሪካኗን በሁለት እጁ አቅፏል። ግቢው በሳቅ ፈረሰ።

«አቦ አንድ ናት እኮ!» አለ ሱሩር። «አንድ ብቻ!»

«አንድ ጀሪካን!» አለች ፅጌረዳ። «ፍሪጁ ውስጥ ገብተህ አለመተኛትህ!»

ጋሽ ሀብተ ሥላሴ ከዘራቸውን መሬት ላይ መቱ። ፊታቸው የተቆጣም ያዘነም ይመስላል።

«እናንተ ሰዎች፣ እንስራ አጣችሁ? በየደጃፋችሁ የቆመው ምንድነው? እኔ ቀብቼ፣ አሳምሬ፣ ሸልሜ ያቆምኩላችሁ?»

ሁላችንም መሬት መሬት አየን። መልሱን የማያውቀው ጠያቂው ብቻ ነበር።

«ስንፍና ነው!» አሉ። «እንስራ መሙላት ሰልችቷችሁ ነው። አሁን አሳያችኋለሁ። ሮማን! ከእንስራችን አንድ ኩባያ ቅጂና አምጪ። ይቅመሱና ይፈሩ!»

ኑራ ዓይኗን ወደ እኔ ጣለች። ማንቆርቆሪያዋ ከጠዋት ጀምሮ ሣጥን ውስጥ ናት። እትዬ ሮማነወርቅ ቀስ ብለው ተነሥተው ወደ ቤታቸው ሄዱ። አንድ ሰበብ ያመጣሉ ብዬ ጠበቅሁ። እንስራው ባዶ ነው ቢሉ እንኳ ያልፍ ነበር። ነገር ግን ኩባያውን ሞልተው፣ ሳይፈስባቸው፣ ቀጥ ብለው መጡ። ለእኛ አልሰጡም፤ ባላቸው ፊት ቆሙ።

«አስቀድመው እርስዎ ይቅመሱ» አሉ።

ጋሽ ሀብተ ሥላሴ ኩባያውን ተቀብለው፣ እንደ ልማዳቸው ቀና ብለው በረጅሙ ተጎነጩ። ጉሮሯቸው መሐል ላይ ቆመ። እንደምንም ዋጡት።

«ምንድነው ይሄ?»

«የእንስራዎ ውሃ ነው።»

«ትኩስ ነው እኮ!»

«ትኩስ ነው» አሉ እትዬ ሮማነወርቅ። «ከተቀባ ጀምሮ ትኩስ ነው። እርስዎ ሲጠጡት የከረሙት የኑራን ነው። እኔ ነኝ የማመላልሰው። ማንቆርቆሪያዬ እዚያ ሣጥን ውስጥ ናት፤ ለእኔ ብላ ደብቃልኝ። ለእርስዎ ስል ዝም ብዬ ነበር፤ እንግዲህ ግን በቃኝ። ያጠጣችን ሴት በእኛ ማመልከቻ ሽቦዋ አይቆረጥም።»

ያን ያህል ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም። ጋሽ ሀብተ ሥላሴ ኩባያውን ይዘው አንድ በአንድ አዩን።

«ቀለሙ ነው?» አሉ በመጨረሻ፤ ወደ እኔ ዞረው።

«ቀለሙ ነው ጋሼ። ሸክላው ማላብ አቅቶት ነው።»

«እና ሁላችሁም ታውቁ ነበር?»

«ለእኛ ብለው በዚያ ፀሐይ ለፉ» አለ ሱሩር ጀሪካኑን እንደታቀፈ። «ምን ብለን እንናገር? በምን አፋችን?»

«በዚሁ በምትቀልድበት አፍህ!» አሉ። ቁጣቸው አሁን እውነተኛ ነበር። «አክብራችሁኝ ነው? ይሄ ማክበር ነው? አንድ ቃል አጥታችሁ፣ ምንም ያላጠፋችውን ሴት በእጄ ልታባርሩ! ኃጢአቱን ለእኔ ተሸከም ብላችሁ!»

እውነት ነበራቸው። የሳቸው ጥፋት ቀለም ነው፤ የእኛ ዝምታ ግን ሰው ሊያሰድድ ነበር።

በዚህ መሐል የግቢው በር ተንኳኳና ካሣ ገባ። መሰላሉን በትከሻው፣ ፒንሳውን በኪሱ ይዟል። ሸሚዙ ከገላው ጋር ተጣብቋል። «ጤና ይስጥልኝ፤ የሚቆረጠው የቱ ነው?» አለ፤ ቸኩሎ።

ማንም አፉን ሳይከፍት ኑራ ገብታ በትልቅ ብርጭቆ ውሃ ይዛ ወጣች። ብርጭቆው አልቦታል።

«መጀመሪያ ጠጣ» አለችው። «ከዚያ ትቆርጣለህ።»

ካሣ መሰላሉን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ጠጣ። በአንድ ትንፋሽ ነበር። «ቢስሚላህ ሳትዪ አልሰጠሽኝም» አለ ብርጭቆውን እየመለሰ። «ነፍሴ ተመለሰች። ይህ ከየት ነው?»

«ከምትቆርጠው ነው» አለች።

ካሣ ወደ ሽቦው፣ ከዚያ ወደ ባዶው ብርጭቆ አየ። ጋሽ ሀብተ ሥላሴ ከወንበራቸው ተነሡ።

«የሚቆረጥ የለም። ማመልከቻዬን አንስቻለሁ።»

«ጋሼ፣ እኔ መሰላል ተሸክሜ በዚህ ፀሐይ ... ለጓድ ሊቀመንበር ምን ልበላቸው?»

«ሀብተ ሥላሴ ተሳስቷል በል።»

«እንደሱ ብዬ ለሳቸው ተናግሬ አላውቅም። እንዴት ተብሎ ነው የሚባለው?»

«በስሜ ነው የሚባለው! ነገ ራሴ ሄጄ እነግራቸዋለሁ። አንተ መሰላልህን ይዘህ ግባ።»

ካሣ ግን ወዲያው አልሄደም። ሁለተኛ ብርጭቆ ሊጠይቅ ፈልጎ ሲያመነታ ፅጌረዳ ከራሷ ጠርሙስ ቀዳችለት።

ጋሽ ሀብተ ሥላሴ ወደ ኑራ ዞሩ። ከዘራቸውን ከቀኝ ወደ ግራ እጃቸው አዛወሩ። «አንቺ ልጅ፣ ለውጪ ሰው ታከራያለሽ ብዬሻለሁ። ይቅር በይኝ።»

«አላህ ይቅር ይበለን ሁላችንንም» አለች።

«እንስራዎቹን አዲስ እገዛለሁ፤ ቀለም የጠጣ ሸክላ ተፍቆም አይመለስ። እስከዚያ ግን የዚህን ወር ትርፍ ለአምስት እንካፈል። ከእንግዲህም ፍሪጁ የግቢው ይሁን።»

«የለም ጋሼ» አለች ኑራ። ሁላችንም ቀና አልን። «ውሃው የግቢው ይሁን። ፍሪጁ የኔ ነው። ዝም ስል ከርሜ ዛሬ ልናገርና ስሙኝ። የታችኛው መደርደሪያ የንግዴ ነው፤ እሱን የሚነካ የለም። ዕቃ ጠዋት ይገባል፣ ከሰዓት በኋላ ባቡሩ ካለፈ ወዲያ ይወጣል። በመሐል ቀዘቀዘ አልቀዘቀዘም ብሎ በር የሚከፍት የለም። ጀሪካን አይገባም።»

«ትንሿም?» አለ ሱሩር።

«ትንሿም። ከአራት አምፖል በላይ የመጣውን ሁላችን እንካፈላለን። በዚህ ከተስማማችሁ እኖራለሁ፤ ካልተስማማችሁ አሁን ካሣ ሳይሄድ ይቆረጥ፤ ገዋኔ ቅርብ ነው።»

«ተስማምተናል!» አለች ፅጌረዳ።

«አንተስ መምህር?»

«ተስማምቻለሁ።»

ጋሽ ሀብተ ሥላሴ ጢማቸውን ዳሰሱ። «ሕጉ መልካም ነው። የግምጃ ቤት ሕግ ነው። ግን ጠባቂ የሌለው ግምጃ ቤት የለም። አንቺ ጣቢያ ስትሄጂ በሩን ማን ይጠብቃል?»

መልሱን ሳትሰጥ ባቡሩ ከወንዙ ድልድይ ማዶ ጮኸ። ኑራ ብቅ ጥልቅ ብላ ጠርሙሶቿን በባልዲ ደረደረች፤ እርጥብ ጆንያ አለበሰቻቸው፤ ባልዲውን አንሥታ እየሮጠች ወጣች። በሯን አልዘጋችም።

እትዬ ሮማነወርቅ ሣጥኑን ከፍተው ማንቆርቆሪያቸውን አወጡ፤ ወደ ባላቸውም ሳያዩ ፍሪጁ ውስጥ መለሷት። ጋሽ ሀብተ ሥላሴ ወንበራቸውን አንሥተው ወደ ኑራ ክፍል ገቡ። ከፍሪጁ ፊት አስቀምጠው፣ ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ተቀመጡ። እኛም ዕቃችንን በየተራ አስረከብናቸው፤ ራሳቸው ደረደሩልን። የሱሩር ጀሪካን ደጅ ቀረች።

ብዙም ሳይቆይ ፅጌረዳ ተመልሳ መጣች። ከሥራ ቀን ይልቅ በእረፍት ቀን ነው የምትጠማው።

«ጋሼ፣ አንዴ ብቻ፤ ያቺን ጠርሙሴን ...»

«ሰዓቱ አልደረሰም።»

«ኧረ ጋሼ! የእርስዎም ከንፈር እኮ ደርቋል።»

ጋሽ ሀብተ ሥላሴ ከንፈራቸውን በምላሳቸው አራሱ። ከኋላቸው ፍሪጁ ከሚያዝያ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ተንገጫግጮ ዝም አለ።

«ለእኔም አልደረሰም» አሉ።